የበላበትን ወጪት ሰባሪው ማነው?
(መምህር ቀጣሪውን ዩኒቨርስቲ ሲከስ)

ባለፈው ሳምንት ከእራት በኋላ በመኝታ ክፍላችን አንድ ክርክር ተነሥቶ ነበር። ነገሩ የተጀመረው በቀላል ወሬ ነው። አንዱ ጓደኛችን፣ መምህርት የሆነች እኅቱ ብዙ ዓመት ካስተማረች በኋላ ለምክትል ርዕሰ መምህርነት ብትወዳደር «ልጆች አሉሽ፤ ሥራው አይመችሽም» ተብላ መመለሷን አጫወተን። «ታዲያ ለምን አትከስም?» አለ ሌላው። በዚህ ጊዜ ከላይኛው አልጋ የተኛው ልጅ ብርድ ልብሱን ገልጦ «እንዴ! የሚያበላትን መሥሪያ ቤት? ይኼማ የበላበትን ወጪት ሰባሪ መሆን ነው!» አለ። ሁላችንም ሳቅን፤ መብራቱም ጠፋ፤ ክርክሩ ግን አልጠፋም።

እኔም ነገሩ አልለቅ ስላለኝ ጥቂት ለማንበብ ሞከርኩ። ያነበብኩት በአሜሪካ አገር መምህራን ቀጣሪዎቻቸውን ዩኒቨርስቲዎች ስለ ከሰሱባቸው ጉዳዮች ነው። «ለምን ያን ያህል ሩቅ ሄድክ?» የምትሉኝ ትኖሩ ይሆናል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በዚያ አገር እንዲህ ያሉ ክሶች እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሰዋል፤ ውሳኔዎቹም ከነምክንያታቸው ተጽፈው ለማንም ሰው ክፍት ሆነዋል። ከሳሾቹና ተከሳሾቹም የእኛው ሙያ ሰዎች ናቸው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች «ዓ.ም.» ካልተባለባቸው በስተቀር እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን በቅድሚያ አሳስባለሁ።

አድልዎ ስንል ምን ማለታችን ነው?

አንድ ሰው ሥራ ተከለከለ ማለት አድልዎ ተፈጸመበት ማለት አይደለም። ለአንድ ቦታ አሥር ሰው ቢወዳደር ዘጠኙ ተከፍቶ መመለሱ የታወቀ ነው። አድልዎ የሚባለው የተከለከለበት ምክንያት ከሥራው ጋር ያልተያያዘ ሲሆን ነው። ይኸውም የሰውየው ዘር፣ ቀለም፣ ሃይማኖት፣ ጾታ ወይም የትውልድ አገር ሲሆን ማለት ነው። እነዚህን አምስቱን በአሜሪካ አገር በቀጣሪዎች ላይ የከለከለው የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ሰባተኛ ክፍል ነው። ሕጉን የሚያስከብር የእኩል የሥራ ዕድል ኮሚሽንም አብሮ ተቋቋመ።

ይህ ሕግ ሌላም ነገር ይዟል። አንድ ሠራተኛ አድልዎ ተፈጽሞብኛል ብሎ ስላመለከተ ቀጣሪው ቂም ይዞ እንዳይበቀለው ይከለክላል። እንግዲህ ሕግ አውጪዎቹ የላይኛው አልጋ ጓደኛችን ያነሣውን ነገር ቀድመው አስበውበታል ማለት ነው። ማመልከት እንደ ምስጋና ቢስነት እንዳይቆጠር በሕግ አጥረውለታል።

ለስምንት ዓመት ተዘግቶ የቆየው በር

እኔን ያስገረመኝ ግን የሚከተለው ነው። ሕጉ በ1964 ሲወጣ የትምህርት ተቋማትን በማስተማር ሥራ ላይ የተሰማሩትን ሠራተኞቻቸውን በሚመለከት ከግዴታው ነፃ አድርጓቸው ነበር። ስለዚህ አንድ የፋብሪካ ሠራተኛ በዚህ ሕግ አቤት ማለት ሲችል፣ ስለ እኩልነት የሚያስተምረው የዩኒቨርስቲ መምህር ግን አይችልም ነበር። ይህ ልዩ አስተያየት የተሰረዘው በ1972 በወጣው ማሻሻያ ነው። የዩኒቨርስቲ መምህራን ክሶች ከዚያ ዓመት ወዲህ መብዛታቸው የሚያስደንቅ አይደለም። በሩ የተከፈተው ያን ጊዜ ነውና።

ዩኒቨርስቲ ላይ ነገሩ ለምን ይከብዳል?

በሩ ቢከፈትም መንገዱ ቀላል አልሆነም። በአሜሪካ ዩኒቨርስቲዎች አንድ ጀማሪ መምህር ለጥቂት ዓመታት ካስተማረና ምርምር ካደረገ በኋላ «ቋሚ ይሁን ወይስ ይሰናበት?» የሚል ውሳኔ ይሰጥበታል። ቋሚነት ያገኘ ሰው ያለ በቂ ምክንያት ከሥራው አይነሣም። ያላገኘው አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ዓመት የመጨረሻ ውል ተሰጥቶት ይሄዳል። ታዲያ ውሳኔው የሚመጣው ከአንድ አለቃ አይደለም። የትምህርት ክፍሉ ኮሚቴ፣ ዲኑ፣ ሴኔቱና ቦርዱ ተራ በተራ ያዩታል። ከሌላ ዩኒቨርስቲ ምሁራንም በምስጢር አስተያየት ይጻፋል።

በእንጨት መሰንጠቂያ ቤት የአንዱን ሠራተኛ ሥራ ከሌላው ጋር ለማወዳደር ጣውላ መቁጠር ይበቃል። የሁለት ምሁራንን ምርምር ግን እንዴት አድርገህ ትመዝነዋለህ? «ሥራዋ ጥልቀት ይጎድለዋል» የሚል ዐረፍተ ነገር እውነተኛ ሙያዊ ፍርድ ሊሆን ይችላል፤ የጥላቻ መሸፈኛም ሊሆን ይችላል። ቃሉ አንድ ነው፤ ልብ ግን አይታይም።

ፍርድ ቤቶች ይህን ለመፍታት ሦስት እርከን ያለው የክርክር ሥርዓት አላቸው። መነሻው በ1973 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በአንድ የአውሮፕላን ፋብሪካ ሠራተኛ ጉዳይ የሰጠው ውሳኔ ነው።

አንደኛ፤ ከሳሹ ለቦታው ብቁ መሆኑን፣ ቢያመለክትም መከልከሉንና ቦታው ክፍት ሆኖ ሌላ ሰው ይፈለግለት እንደነበረ ያሳያል።
ሁለተኛ፤ ቀጣሪው «የከለከልኩት በዚህ በዚህ ሕጋዊ ምክንያት ነው» ብሎ ይመልሳል።
ሦስተኛ፤ ከሳሹ «የተሰጠው ምክንያት ሰበብ ነው፤ እውነተኛው ምክንያት አድልዎ ነው» ብሎ ያስረዳል።

የማስረዳቱ ሸክም በመጨረሻ የሚወድቀው በከሳሹ ላይ ነው። ማስረጃው ያለው ግን በቀጣሪው መሳቢያ ውስጥ ነው። ችግሩ ሁሉ ከዚህ ይመጣል።

የመምህር ሪክስ ቀን መቁጠሪያ

ከሁሉ ይበልጥ ልቤን የነካው የመምህር ኮለምበስ ሪክስ ጉዳይ ነው። እርሳቸው የላይቤሪያ ተወላጅ፣ ጥቁር አፍሪካዊ ነበሩ። በ1970 በደላዌር ስቴት ኮሌጅ፣ ያውም በትምህርት ጥናት ክፍል፣ ማለትም በእኛው መስክ ተቀጠሩ። የኮሌጁ ተማሪዎች በብዛት ጥቁሮች ነበሩ። ስለዚህ «ጥቁር በጥቁር ላይ ምን አድልዎ ያደርጋል?» የሚል ሰው ሊኖር ይችላል። የእርሳቸው ክስ ግን በቀለሜ ሳይሆን በትውልድ አገሬ ምክንያት ተበደልኩ የሚል ነው። ቀለም አንድ መሆኑ አድልዎን አያስቀርም። ይህንን በየአካባቢያችን የምናውቀው ይመስለኛል።

የነገሩን አካሄድ በቀን ላስቀምጠው። ቀኑ ዋና ነገር ነውና አንባቢ ልብ እንዲል እለምናለሁ።

ማርች 13 ቀን 1974፤ የኮሌጁ ቦርድ ለመምህር ሪክስ ቋሚነት እንዳይሰጥ ወሰነ። እርሳቸውም ወዲያውኑ በኮሌጁ ውስጥ አቤቱታ አቀረቡ።
ጁን 26 ቀን 1974፤ የአንድ ዓመት የመጨረሻ ውል እንደሚሰጣቸውና ከዚያ በኋላ እንደሚሰናበቱ ተነገራቸው።
ሴፕቴምበር 12 ቀን 1974፤ አቤቱታቸው ውድቅ መሆኑን ቦርዱ አሳወቃቸው።
ኤፕሪል 28 ቀን 1975፤ የእኩል የሥራ ዕድል ኮሚሽኑ ክሳቸውን ተቀበለ።
ጁን 30 ቀን 1975፤ የመጨረሻው ውል አልቆ ከሥራ ወጡ።
ሴፕቴምበር 9 ቀን 1977፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ገባ።

ሕጉ አንድ ተበዳይ በደሉ በተፈጸመ በ180 ቀን ውስጥ፣ በአንዳንድ ሁኔታ ደግሞ በ300 ቀን ውስጥ ለኮሚሽኑ ማመልከት አለበት ይላል። በእኛ አገር የሕግ ቋንቋ ይርጋ የምንለው ነው። እንግዲህ ጥያቄው «ቆጠራው የሚጀምረው መቼ ነው?» የሚል ሆነ። ሥራቸውን ከለቀቁበት ቀን ከተቆጠረ መምህር ሪክስ እንዲያውም ቀድመው ነው ያመለከቱት። ውሳኔው ከተነገራቸው ከጁን 26 ቀን 1974 ከተቆጠረ ግን እስከ ኤፕሪል 28 ድረስ 306 ቀን ሆኗል፤ ሁለቱም ጊዜ አልፎባቸዋል።

የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ጊዜው አልፏል አለ። ይግባኝ ሰሚው ደግሞ የለም፣ መቆጠር ያለበት ሥራ ከለቀቁበት ቀን ነው አለ። በመጨረሻ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በዲሴምበር 1980 በአምስት ዳኞች ለአራት ብልጫ ለኮሌጁ ፈረደ። በደል አለ ከተባለ በደሉ ቋሚነት መከልከሉ ነው፤ ከሥራ መውጣቱ የዚያ ውጤት ብቻ ነው፤ ስለዚህ ቆጠራው የሚጀምረው ውሳኔው ከተነገረበት ቀን ነው አለ። በኮሌጁ ውስጥ አቤት ሲሉ የቆዩበት ጊዜም ቆጠራውን አያቆመውም ሲል ጨመረበት። በሐሳብ የተለዩት ዳኞችም ቢሆኑ ሁሉም አንድ ቀን አልያዙም። የአቤቱታው መልስ ከተሰጠበት ቀን መቆጠር የሚችልበት ሁኔታ አለ ያሉ ነበሩ፤ ሥራ ከለቀቁበት ቀን ነው ያለም ነበረ።

ውድ አንባቢያን፤ ይህን ነገር ቆም ብለን እናስበው። መምህር ሪክስ በእውነት ተበድለዋል ወይስ አልተበደሉም? ይህን ፍርድ ቤቱ አልመረመረውም። የተመረመረው ቀን መቁጠሪያው ነው። ሰውየው እንደ ማንኛውም ጨዋ መምህር «መጀመሪያ በቤታችን ውስጥ እንነጋገር» ብለው አቤቱታቸውን ለኮሌጁ አቀረቡ፤ መልስ ጠበቁ፤ የመጨረሻውን ዓመትም አስተማሩ። ወጪቱን ላለመስበር ተጠነቀቁ ማለት ይቻላል። በጥንቃቄያቸው መካከል ግን ቀኑ አለቀ። አባቶቻችን «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» የሚሉት ለእንዲህ ያለው ነው።

የዶክተር ራጀንደር ክስ

ሁለተኛው ጉዳይ መጨረሻው ያማረ ነው። ዶክተር ሺያማላ ራጀንደር በሕንድ አገር የተወለዱ የኬሚስትሪ ምሁር ናቸው። በሚኒሶታ ዩኒቨርስቲ የኬሚስትሪ ክፍል በጊዜያዊነት ሲሠሩ ቆይተው ወደ ቋሚነት የሚያደርሰውን ቦታ ቢጠይቁ ተከለከሉ። በ1973 ዩኒቨርስቲውን ከሰሱ። ነገሩ በእርሳቸው ብቻ አልቀረም፤ በዩኒቨርስቲው የነበሩ ሌሎች ሴቶች ምሁራንንም የሚያጠቃልል የጋራ ክስ ሆነ። አንዲት መምህርት ብቻዋን ስትናገር «የግል ጠብ ነው» ይባላል። ብዙዎች አንድ ዓይነት ነገር ሲናገሩ ግን የአሠራር ጉድለት መሆኑ ይወጣል።

ክሱ ሰባት ዓመት ፈጀ። በ1980 ሁለቱ ወገኖች ተስማምተው ዳኛ ማይልስ ሎርድ ስምምነቱን እንደ ፍርድ አጸደቁት። ዶክተር ራጀንደር 100,000 ዶላር ተከፈላቸው። ከገንዘቡ ይልቅ የሚበልጠው ግን ቀሪው ነው። ዩኒቨርስቲው መምህራን የሚቀጥርበትን አሠራር እንዲያስተካክል ተገደደ። ተበድለናል የሚሉ ሌሎች ሴቶችም ጉዳያቸውን የሚያቀርቡበት መንገድ ተከፈተ፤ የሚመረምሩም ልዩ ሰዎች በፍርድ ቤቱ ተሾሙ። በመቶ የሚቆጠሩ አቤቱታዎችም ቀረቡ። ዶክተር ራጀንደር ራሳቸው ኋላ ሕግ ተምረው ጠበቃ ሆኑ። ከሙከራ ብልቃጥ ወደ ችሎት የሄዱት ወደው ነው ለማለት ግን አልደፍርም።

የተቆለፈው መሳቢያ

ማስረጃው በቀጣሪው መሳቢያ ውስጥ ነው ብዬ ነበር። ሦስተኛው ጉዳይ የዚህ መሳቢያ ታሪክ ነው። ፕሮፌሰር ሮዛሊ ተንግ በፔንስልቬንያ ዩኒቨርስቲ በዎርተን የንግድ ትምህርት ቤት ያስተምሩ ነበር። በ1985 ቋሚነት ተከለከሉ። በዘሬ፣ በጾታዬና በትውልድ አገሬ ምክንያት ነው፤ ከእኔ የማይበልጡ አምስት ወንዶች የተሻለ ነገር ተደርጎላቸዋል ሲሉ ለኮሚሽኑ አመለከቱ። ኮሚሽኑም የእርሳቸውንና የአምስቱን ወንዶች ማኅደር አምጡ ብሎ ዩኒቨርስቲውን አዘዘ።

ዩኒቨርስቲው እምቢ አለ። ክርክሩም ተራ ክርክር አልነበረም። መምህራን ስለ ባልደረባቸው በነፃነት መጻፍ የሚችሉት ምስጢር ሲጠበቅላቸው ነው፤ ምስጢሩ ከወጣ ሁሉም ፈርቶ የተለሳለሰ ነገር ይጽፋል፤ ይህም የአካዳሚ ነፃነትን ይነካል የሚል ነበር። እውነቱን ለመናገር ይህ ክርክር ሙሉ በሙሉ ባዶ ነው ማለት ያስቸግራል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን በጃንዋሪ 1990 ዳኞቹ ሁሉ በአንድ ድምፅ ዩኒቨርስቲው ማኅደሩን ያቅርብ አሉ። ሕግ አውጪው በ1972 ዩኒቨርስቲዎችን በሕጉ ሥር ሲያስገባ ለእነርሱ የተለየ ምስጢር አልፈቀደላቸውም፤ አድልዎ ካለም ማስረጃው የሚገኘው ብዙውን ጊዜ እዚያው ማኅደር ውስጥ ነው የሚል ነው ምክንያታቸው።

ይህ ውሳኔ ፕሮፌሰር ተንግ ተበድለዋል ማለት አይደለም። ፋይሉ ይከፈትና ይታይ ማለት ብቻ ነው። ሆኖም ከዚያ ወዲህ በየኮሚቴው የተቀመጠ ሁሉ፣ የሚጽፈውን አንድ ቀን ሌላ ሰው ሊያነበው እንደሚችል እያወቀ ይጽፋል።

ከሳሽ ሁልጊዜ ያሸንፋል ማለት አይደለም

አንድ ወገን ብቻ እንዳልጽፍ ይህን ልጨምር። ዶክተር ሻሮን ጆንሰን የተባሉ የባዮኬሚስትሪ ምሁር የፒትስበርግ ዩኒቨርስቲን በጾታ አድልዎ ከሰው ነበር። በ1973 ነገሩ እስኪታይ ድረስ ከሥራ እንዳይወጡ ፍርድ ቤቱ አግዶላቸው፤ በ1977 ግን ለዩኒቨርስቲው ተፈረደ። ፍርድ ቤቱ ከተቀበላቸው ምክንያቶች አንዱ በክፍል ውስጥ የማስተማር ብቃታቸው ላይ የቀረበው ነቀፋ ነው። ማስተማር ለዩኒቨርስቲ ተርታ ነገር ነው ብለን የምናስብ ካለን ይህን እንስማ። በጥቅሉ ዳኞች በምሁራን ቦታ ተቀምጠው የማንን ምርምር ጥሩ እንደሆነ መወሰን አይፈልጉም። የሚፈልጉት የተሰጠው ምክንያት እውነተኛ መሆኑን ብቻ ማወቅ ነው።

ለእኛ ምን ይጠቅመናል?

አገራችንም በዚህ ነገር ባዳ አይደለችም። የዓለም የሥራ ድርጅት በ1958 በሥራና በቅጥር ላይ የሚደረገውን አድልዎ የሚቃወም ቁጥር 111 ስምምነት አወጣ፤ ኢትዮጵያም በ1966 አጽድቃዋለች። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 35 ሴቶች በቅጥር፣ በእድገትና በክፍያ እኩል መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። የአቤቱታው መንገድና የቀኑ ቁጥር ግን እንደየአገሩ ሕግ ይለያያል። የአሜሪካኑ 180 ቀን ለእኛ አይሠራም። ከላይ ካነበብነው የምንወስደው ቁጥሩን ሳይሆን ጠባዩን ነው።

ለእኔ የታየኝን በአጭሩ ላስፍር።

1ኛ/ ስንከለከል ምክንያቱን በጽሑፍ እንጠይቅ። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባል የለ!
2ኛ/ ደብዳቤ ስንቀበል የተቀበልንበትን ቀን ጽፈን እናስቀምጥ። የአቤቱታው ጊዜ ስንት ቀን እንደሆነም በዚያው ሳምንት እንጠይቅ።
3ኛ/ የሥራ አፈጻጸም ውጤታችንን፣ የምስክር ወረቀታችንን፣ የተሰጠንን ምስጋናም ሆነ ተግሣጽ አንጣል። ብቁ ነበርኩ የሚል ሰው ማሳየት አለበት።
4ኛ/ ቅሬታ ሁሉ አድልዎ አይደለም። የተሻለ ሰው ቢበልጠን «ተበደልኩ» ማለት እውነተኛውን ተበዳይ መጉዳት ነው።

አምስተኛው ግን ከሁሉ ይከብዳል። እኛ የዛሬ እጩ መምህራን ነገ የትምህርት ክፍል ኃላፊዎች፣ ርዕሳነ መምህራንና የኮሚቴ አባላት እንሆናለን። ያን ጊዜ «ልጆች አሉሽ፤ አይመችሽም» የምንለው እኛው ነን። ስለዚህ ስለ ሰው ስንጽፍ፣ ሰውየው ፊት ለፊታችን ቆሞ ቢያነበው የማናፍርበትን እንጻፍ። እንዲህ የሚጽፍ ኮሚቴ ማኅደሩ ቢከፈትም አይደነግጥም።

ለማጠቃለል ያህል ወደ መኝታ ክፍላችን ልመለስ። ይህን ሁሉ ለጓደኞቼ ከነገርኳቸው በኋላ የላይኛው አልጋ ጓደኛችን ለጥቂት ጊዜ ዝም ብሎ ቆየ። ቀጥሎም «እንግዲያው ወጪቱን የሰበረው ሠርቶ የበላው ሳይሆን ድርሻዋን የከለከላት ነዋ!» አለ። እኔም ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም። ወጪቱ የጋራ ነው፤ የሚሞላውም በሁላችን ሥራ ነው።

ባለ እኅቱ ጓደኛችንስ? እኅቱ የተነገራት በቃል ብቻ ነበርና በእጇ አንድም ወረቀት የላትም። ያን ሌሊት በባትሪ መብራት ደብዳቤ ሲጽፍላት አየሁት። «የከለከሉሽን ምክንያት በጽሑፍ እንዲሰጡሽ ጠይቂ፤ የተነገረሽንም ቀን አስታውሰሽ ዛሬውኑ ጻፊው» ይላል። ደብዳቤው በማግሥቱ ጠዋት ሄዷል።